ሌሊት ይተኛል?

አራስ ቤት የሚመጣ ጠያቂ ሁሉ ገንፎውን ጎርሶ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ፣ የልጁ አፍንጫ የማን ወገን እንደሆነ ከተከራከረ በኋላ አንዲት ጥያቄ ይወረውራል። «ሌሊት ይተኛል?»

ጥያቄዋ የዋህ ትመስላለች። ግን ፈተና ናት። «ይተኛል» ካልሽ «ጎሽ፣ ጨዋ ልጅ ነው» ተብሎ ይመረቅልሻል። «አይተኛም» ያልሽ እንደሆነ ምርመራው ይጀመራል። ማታ ምን በላሽ? ጎመን ቀምሰሻል? ሚጥሚጣ ነክተሻል? ገላሽን ስትታጠቢ መስኮቱ ተከፍቶ ነበር? ማን ማን አየው? ያየው ሰው «እትፍ እትፍ» ብሏል ወይስ ዝም ብሎ ነው ያየው? ቃሌን ሰጥቼ የቀረኝ መፈረም ብቻ ነው።

አሁን መልሴን ቀይሬዋለሁ። «እሱማ ይተኛል፤ የማንተኛው እኛ ነን» እላለሁ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። አዲስ የተወለደ ሕፃን ቀንና ሌሊቱ ተደምሮ ከ14 እስከ 17 ሰዓት ይተኛል ይላሉ ባለሙያዎች። ባለቤቴ ይህን ቁጥር ሲሰማ «ታዲያ ይሄ ሁሉ እንቅልፍ የት ሄዶ ነው?» ብሎ በዓይኑ ቤቱን ፈተሸ። እንቅልፉስ አለ፤ ግን በችርቻሮ ነው። ጥቂቱ ጠያቂ ሲንጫጫ፣ ጥቂቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ፣ ጥቂቱ ደግሞ እኔ ልብስ ላጥብ ስነሳ ያልቅና ለሌሊት ቁርጥራጩ ይተርፋል። ደግሞም ሌሊትና ቀን የሚባለውን ልዩነት ገና አልተማረም። ሆዴ ውስጥ እያለ እኔ ቀን ላይ ወዲያ ወዲህ ስል ይተኛ ነበር፤ ማታ ጋደም ስል ደግሞ መራገጥ ይጀምር ነበር። ፈረቃውን ከዚያው ይዞት ነው የመጣው። የቀንና የሌሊት ሥርዓት በገላው ውስጥ መስመር የሚይዝለት ሁለት ሦስት ወር ካለፈው በኋላ ነው።

«ወተትሽ ቀጭን ነው፤ አያጠግበውም።» ይህን ያልሰማች የምታጠባ እናት ካለች ጠያቂ አልመጣባትም ማለት ነው። ቀጭንነቱ እውነት ነው። የእናት ጡት ወተት ከመቶ 87 እጁ ውሃ ነው። እስከ 6 ወር ድረስ ለሕፃን ውሃ አትስጡት የሚባለውም ለዚህ ነው፤ ውሃውን ከምግቡ ጋር አብሮ እየጠጣው ነው። የላም ወተት በጡጦ የጠጣ ልጅ ረዘም አድርጎ የሚተኛው ስለጠገበ ብቻ አይደለም፤ ሆዱ የከበደውን ነገር ለመፍጨት ሲታገል ነው። የእናት ወተት ግን አያታግለውም። ገባ፣ ተፈጨ፣ ወጣ። ከአንድ ሰዓት ተኩል ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ ሆዱ ባዶ ነው። አራስ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል የሚባለውን ሒሳብ ሥሩት፤ ሌሊት በዓል ነው ተብሎ አይቀነስም።

ወተት የሚያሠራው ፕሮላክቲን የሚባል ሆርሞን ደግሞ ከቀን ይልቅ ሌሊት ከፍ ይላል። ልጁ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሲጠባ ለዛሬ ብቻ አይደለም የሚጠባው፤ እንጀራ የምትሸጥ ሴት ዘንድ ማታ ጎራ ብሎ «ለነገ ሃያ ይሁንልኝ» እንደሚል ደንበኛ ነው። ደንበኛው ከቀረ ጋጋሪዋም ሊጡን ትቀንሳለች። «ሌሊት አታጥቢው፣ ይለምዳል» የሚሉኝ ሰዎች ይህን ውል አያውቁትም። ሳምንት ቆይተው ደግሞ እነሱው ናቸው «ወተትሽ ቀነሰ?» የሚሉኝ።

ከሁሉ የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ሌሊት በሚወርደው ወተት ውስጥ ሜላቶኒን የሚባል፣ እንቅልፍ የሚጋብዝ ሆርሞን አለ፤ በቀኑ ወተት ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ሕፃኑ የራሱን በወጉ ማዘጋጀት እስኪጀምር ድረስ ከእናቱ ይበደራል። የኔ እንቅልፍ የት እንደገባ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ይህም አልበቃው። ሌሊት እየተነሳ መጥባቱ ታናሽ እንዳይመጣበት ዘብ መቆሙም ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ጣሊያን ውስጥ ቤላጂዮ በምትባል ከተማ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች የተስማሙበት ጉዳይ አለ። እናት ልጇን ያለ ተጨማሪ ምግብ ቀንም ሌሊትም ጡት ብቻ የምታጠባ ከሆነ፣ የወር አበባዋ ካልተመለሰ፣ ልጁም 6 ወር ካልሞላው የማርገዝ ዕድሏ ከመቶ 2 አይሞላም። ሦስቱም መሟላት አለባቸው፤ አንዱ ከጎደለ ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ባለቤቴ ይህን ስነግረው ልጁን በአዲስ ዓይን አየው። «ለካ ሆን ብሎ ነው!» አለ።

ምክር ግን እንደ ዕውቀቱ አይደለም፤ ያለ ልክ ይመጣል። አማቴ ቅቤ በጣታቸው ጠቅ አድርገው «አንጀቱን ያለሰልስለታል» አሉ። አንዲት ጎረቤታችን ጤና አዳም በውሃ ዘፍዝፌ በማንኪያ እንድሰጠው ነገሩኝ። ሌላዋ በሦስት ወሩ አጥሚት ከጀመረ ድምፁ እንደማይሰማ ማለችልኝ፤ የሷ ልጆች ሁሉ በዚያ ነው ያደጉት። ለልጁ ተብሎ የመጣውን የአብሽ ውሃ እኔው ጠጣሁት። ጣቱንም ማንኪያውንም በዘዴ ለመመለስ ያዋጣኝ አንድ መልስ ብቻ ነው። «የጤና ኤክስቴንሽኗ ከ6 ወር በፊት ከጡት በቀር ምንም እንዳታቀምሺው ብላኛለች፤ መጥታ ትቆጣኛለች።» አማቴ እኔን አይፈሩም፤ ደብተር ይዞ የሚመጣ ሰው ግን ይፈራሉ። ለምታጠቡ ሁሉ ይህን መልስ በነፃ ሰጥቻችኋለሁ።

ከባሕር ማዶ የሚመጣው ምክር ደግሞ በሌላ በኩል ነው። ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ የምትደውለው እሷ ዘንድ ሲመሽ፣ እኛ ዘንድ ሊነጋ ሲል ነው። ነቅቼ እንደምታገኘኝ ታውቃለች፤ በዚህ አልወቅሳትም። እሷ የምትለው የፈርበርን ዘዴ ነው። ሪቻርድ ፈርበር የቦስተን ሐኪም ሲሆን መጽሐፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። ልጁን ሳይተኛ አልጋው ላይ አስቀምጠሽ ትወጫለሽ። ሲያለቅስ 3 ደቂቃ ትጠብቂና ገብተሽ ታባብዪዋለሽ፤ ሳታነሽው ትወጫለሽ። ቀጥሎ 5 ደቂቃ፣ ከዚያ 10። እያለ እያለ በራሱ መተኛት ይለምዳል። ሰውየው ይህን ያለው ለአራስ አይደለም፤ እሷ ግን ያንን ምዕራፍ ዘላዋለች።

ዘዴው የተጻፈው የራሱ ክፍል ላለው ልጅ ነው። ጀሞ ያለው የኛ ኮንዶሚኒየም ባለ አንድ መኝታ ነው። ልጁን ትተን እንውጣ ብንል የምንወጣው ወደ ደረጃው ነው። አስቡት፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ባልና ሚስት ጋቢ ደርበን፣ ሰዓት ይዘን፣ ደረጃ ላይ ቆመናል። ውስጥ ልጅ ያለቅሳል። ሦስተኛው ደቂቃ ሳይሞላ የላይኛው ፎቅ በር ይከፈታል፣ «ምን ሆነ ልጁ?» የታችኛውም ይከፈታል። እትዬ ከጎን ቤት ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወጥተው «ልጅ እያለቀሰ ቆመሽ ታዳምጫለሽ? ምን ዓይነት አንጀት ነው ያለሽ?» ብለው ገብተው ያነሱታል። አምስተኛው ደቂቃ ላይ ጥበቃው ዱላውን ይዞ ይደርሳል። አሥረኛው ደቂቃ ላይ ሽማግሌ ተቀምጧል። የፈርበር ዘዴ ጀሞ ላይ የማይሠራው ልጁ እምቢ ብሎ አይደለም፤ ሰፈሩ እምቢ ብሎ ነው። ሰፈሩ እምቢ በማለቱም እኔ አልተከፋሁም።

እውነተኛው ጉዳይ ያለው እዚህ ይመስለኛል። እናቴ ከወለድኩ ዕለት ጀምራ ትራሴ ሥር ቢላዋ አስቀምጣለች። አራስ ብቻዋን አትተውም፣ ክፉ መንፈስ ይጠናወታታል፣ ብረት ይጠብቃታል ይባላል። መንፈሱን አላየሁትም። ግን «ብቻዋን አትተውም» የሚለውን ነገር ሌሊት ሌሊት ልጅ ታቅፌ ደጋግሜ አስቤዋለሁ። እናቴ እኔን ስትወልድ ቤቱ ውስጥ አያቴ ነበሩ፣ ሁለት አክስቶቼ ነበሩ፣ ከገጠር ለዚሁ ሥራ የመጣች ዘመድ ነበረች። ሁሉም አራሷን ከመንፈስ ለመጠበቅ ተብሎ ነው የሚያድሩት። ሲያድሩ ግን እኔን ያስገሱኛል፣ ጨርቁን ይለውጣሉ፣ ሙቁን ያሞቃሉ፤ እናቴ አጥብታ ብቻ ጥቅልል ብላ ትተኛለች። እኔም ሌሊት እነቃ እንደነበር ጠይቄያታለሁ። «ኧረ አላስታውስም» አለችኝ። አታስታውስማ! ተኝታ ነበር። ዛሬ ቢላዋው ትራስ ሥር አለ፤ ሰዎቹ ግን የሉም። ያኔም ሕፃን ሌሊት ይነቃ ነበር፣ ዛሬም ይነቃል። የጎደለው እጅ ነው። ምክሩ ብቻ ሳይቀንስ በሙሉ ቁጥሩ ደርሶናል።

የቀረልኝ እጅ የባለቤቴ ነው። ሕግ ደግሞ የሱን እጅ ምን ያህል ቀን እንደሚፈቅድልኝ በግልጽ ጽፎታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ለአባት 3 ቀን። ለሚያገባም 3 ቀን፣ የቅርብ ሰው ለሞተበትም 3 ቀን ነው። ሠርጉም፣ ለቅሶውም፣ ልጁም በአንድ ልክ ተሰፍተዋል። ባለቤቴ በ3ቱ ቀን የሠራው የልደት ሰርተፊኬት ወረፋ መያዝና ለዶሮ መሯሯጥ ነበር፤ ልጁ ማን እንደሆነ በወጉ ሳይተዋወቁ ቢሮ ገባ።

ደግነቱ ሰውየው ሌሊት ይነሳል። ጡት እንደሌለው አስረድቶኝ ወደ ትራሱ ለመመለስ የሞከረበት ዘመን አጭር ነበር። ማጥባት የኔ ነው፤ ማስገሳትና ዳይፐር የሱ ነው፤ ደረቱ ሰፊ ስለሆነ ለማስተኛትም ከኔ ይሻላል። ከእሹሩሩ ግጥም የሚያውቀው «እሹሩሩ» የሚለውን ብቻ ነው፤ የቀረውን ከማታው ዜና ይሞላዋል። በዚህ ዓይነት ልጃችን የነዳጅ ዋጋና የአርሰናልን ውጤት እየሰማ ነው እንቅልፍ የሚወስደው። ቅር የሚያሰኘው የኔ ቆሎ ነው። ወተት መውረድ ሲጀምር ውሃ ጥም ይይዘኛል፣ ረሃቡም ይከተላል፤ ስለዚህ ራስጌዬ ላይ ውሃና ቆሎ አይጠፋም። የልጁን ለቅሶ ችሎ የተኛ ሰው በሽምብራ ድምፅ ብድግ ይላል። «ምንድን ነው የሚሰበረው?» ይለኛል።

እየቆየሁ ስሄድ ሌሊቱን ራሱን አወቅሁት። ከ6 ሰዓት በኋላ ሰፈሩ የውሻ ነው። 8 ሰዓት ላይ ጥበቃው ሳል ያስልና ቆርቆሮ በር ይንኳኳል፤ ለምን እንደሆነ አልደረስኩበትም። 9 ሰዓት ተኩል ገደማ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ይጀምራል፣ 11 ሰዓት አካባቢ አዛን ይሰማል፣ ከዚያ የመጀመሪያው ታክሲ ሞተር። ከፊታችን ባለው ሕንፃ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ብልጭ ድርግም የሚሉ ጥቂት መስኮቶች አሉ። ሁለቱን በ45 ቀን ክትባት ወረፋ ላይ አገኘኋቸው። «ያ ቢጫ መብራት ያንቺ ነው?» ተባባልን። ከነዚህ ሴቶች ጋር ከሁሉ በላይ ጎረቤት ነን፤ ስማቸውን እንኳ ቆይቼ ነው የጠየቅሁት።

መብራት ማብራቱን ግን ኋላ ትተነዋል። ደማቅ ብርሃን ልጁን «ነጋ» ያሰኘዋል። ደብዛዛ አምፖል፣ ዝቅ ያለ ድምፅ፣ ጨዋታ የለም፤ ዳይፐሩ ካልቆሸሸ አይነካም። ቀን ላይ ተቃራኒው ነው፤ መጋረጃው ይከፈታል፣ ራዲዮው ይጮኻል፣ ማንም በእግር ጣቱ አይሄድም። ማታ ማታ ከ1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ድረስ በየደቂቃው ጡት ጡት ሲል «ምን ነካው?» ማለቱን ትቼ ተቀምጬ አጠባዋለሁ፤ ለሌሊቱ እየሰነቀ ነው። በጎኔ ተጋድሜ ማጥባትን ያስተማረችኝን አዋላጅ ነርስ በጸሎቴ አስባታለሁ።

አንድ ነገር ላይ ግን አልቀልድም። ማጥባት ራሱ እንቅልፍ ያመጣል። ሶፋ ላይ ልጅ ታቅፎ ማንቀላፋት አደገኛ ነው፤ በትራስና በመደገፊያ መሀል ተቀብሮ ሊታፈን ይችላል። ሕፃን የሚተኛው በጀርባው፣ ጠንከር ባለ ፍራሽ ላይ፣ በእናቱ ክፍል፣ በራሱ መኝታ ነው። ብርድ ይመታዋል ተብሎ ፊቱ ድረስ የሚሳብ ጋቢና ብርድ ልብስ አያስፈልገውም። መጠጥ የቀመሰ ሰው ደግሞ አጠገቡ አይተኛም፤ የክርስትና ዕለትም ቢሆን። እየነቃ የሚያለቅሰው ልጅ አያስፈራኝም። የሚያስፈራው ጡት እምቢ ያለው፣ ያተኮሰው፣ ቢቀሰቅሱት የማይነቃው ነው። ያን ጊዜ ጎረቤት አይጠየቅም፤ በቀጥታ ወደ ሐኪም ነው።

90ው ቀን አልቆ ሥራ ስገባ ነገሩ ይቀላል ብዬ ነበር። ልጁ ቀን ቀን ከእናቴ ጋር ይውላል፤ አልቤ የተውኩለትን ወተት ጥቂት ይቀምስና ይተወዋል። ማታ በር ስከፍት አይቶኝ ይስቃል፤ ከዚያ እስከ ንጋት የቀኑን ውዝፍ ያስከፍለኛል። ሥራ የጀመሩ እናቶች ሁሉ ይህን ያውቁታል፤ ልጅ ቀን ያጣትን እናቱን ሌሊት ያገኛታል። በዚህ ምክንያት የኔ እንቅልፍ ከጀሞ ሜክሲኮ ባለው ታክሲ ውስጥ ሆኗል። ትራፊክ ሲዘጋ ሰው ሁሉ ያማርራል፤ እኔ አመሰግናለሁ። ረዳቱ አውቆኛል። ሜክሲኮ ስንደርስ «እናት፣ ደርሰሻል» ብሎ ይቀሰቅሰኛል። ቢሮ ስብሰባ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ራሴን ስነቀንቅ አለቃዬ በሐሳቡ የተስማማሁ መስሎት ሁለት ተጨማሪ ሥራ ሰጥቶኛል።

ይሄ ሁሉ ያልፋል አሉኝ። ማለፉን አላጣሁትም፤ ስድስተኛው ወር አካባቢ ጥርስ ይመጣል፣ ከዚያ መዳህ ይመጣል፣ እያንዳንዱ የራሱ ሌሊት አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ጡት እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲቀጥል ይመክራል፤ እኔም አልተቃወምኩም። ግን ያልፋል ማለት ብቻውን ዛሬ ሌሊት ልጅ አይዝልኝም።

እናም አንባቢ ሆይ፣ አራስ ልትጠይቁ ስትሄዱ ጉንፋን ከያዛችሁ ቅሩ፤ ካልያዛችሁ እጃችሁን ታጥባችሁ ልጁን ተቀበሉና እናቲቱን «ሂጂ ተኚ» በሏት። ገንፎውን ራሳችሁ አውጥታችሁ ብሉ፣ ሳህኑንም እጠቡት። ሁለት ሰዓት ተቀመጡ፤ ሲርበው ቀስቅሷት፣ ሳይርበው አትቀስቅሷት። የሕፃን ልብስ አትግዙ፣ በዝቷል፤ ከሦስት ወር በኋላም አይሆነውም። የኛ ቤት ጀሞ ነው፣ አራተኛ ፎቅ፤ ሊፍት የለም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይመቸናል።